በወረቀት 15 ፈረስ፣ በመንገድ 30



በምኖርበት የመኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ የአንድ ሞተር ብስክሌት ፎቶግራፍ ተለጥፎ ይገኛል። አፍንጫው ሹል፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጅራቱ ወደ ሰማይ የተቀሰረ ነው። ከፎቶግራፉ ሥር የክፍል ጓደኛዬ በቀይ እስክሪብቶ «ሕግ የገደለው ጀግና» ብሎ ጽፎበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሐዘኑ እንደገና ይነሣል። «እንዲህ ያለ ሞተር ነበረ፤ ሽማግሌዎች በወጣቱ ቀኑና ከለከሉት» ይባላል። ሁሉም ከንፈሩን ይመጥጣል።

እኔም ለብዙ ጊዜ አብሬ ከንፈሬን ስመጥጥ ኖሬአለሁ። አሁን ግን በዚህ ጋዜጣ ላይ በግልጥ ለመከራከር እወዳለሁ። በመጨረሻ በሩን የዘጋበት ሕግ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ይህ ሞተር ብስክሌት ከመሞቱ ብዙ ዓመት በፊት በውሸት ይኖር ነበር። ሕግ አውጪው፣ ሠሪውና ሻጩ ዓይን እየተጣቀሱ በወጣቱ ላይ የተጫወቱበት ዕቃ ነበር። እኛም ዛሬ የምናለቅሰው ለዚያ ጨዋታ ከሆነ፣ ለአታላያችን ድንኳን ተክለናል ማለት ነው።

ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በፎቶግራፉ ላይ ያለው የኢጣልያው የአፕሪሊያ ፋብሪካ አር.ኤስ. 125 ነው። ፋብሪካው በቬኒስ አጠገብ በኖአሌ ከተማ ይገኛል፤ ሞተር ብስክሌቱ በ1992 ወጣ፤ ሞተሩ ግን ሮታክስ ከሚባለው የኦስትሪያ ፋብሪካ ይመጣ ነበር። አንድ ሲሊንደርና ስድስት ማርሽ አለው፤ በውሃ ይቀዘቅዛል፤ ክብደቱ ወደ 120 ኪሎ ገደማ ነው። ተቀናቃኙ ካጂቫ ሚቶ ይባል ነበር፤ በ1990 ወጣ፣ ሰባት ማርሽ ነበረው፣ ከ1994 ጀምሮም መልኩ ታላቁን ዱካቲ 916 እንዲመስል ተደረገ። ሁለቱም የታሰቡት ገና ጢም ላላወጣ ልጅ ነው። የ16 ዓመቱ ልጅ የዓለም ሻምፒዮን መስሎ በሠፈሩ እንዲያልፍ የተሠሩ ናቸው።

ሞተሩ መካኒኮች «ቱ ስትሮክ» የሚሉት ባለ ሁለት ምት ነው። በተራው የመኪና ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር ኃይል የሚሰጠው ሞተሩ ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ነው፤ ባለ ሁለት ምቱ ግን በእያንዳንዱ ዙር ይሰጣል። እንደ መኪናው ሞተር በካም የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተፈለፈሉትን መስኮቶች ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ ቀላል ነው፣ ለመጠኑም እጅግ ኃይለኛ ነው። አንድ ትጉህ ተማሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴስታታውን አውርዶ፣ የተቃጠለውን ዘይት ጠርጎ፣ ካንዴላውን ለውጦ መልሶ ሊገጥመው ይችላል። ሞተርን በእጅ የሚያስተምር መምህር ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ይህን የምለው ጠላቱ እንዳልሆንሁ እንዲታወቅልኝ ነው።

የዘሩም ታሪክ የሚያኮራ ነው። አባቱ የጀርመኑ ዲ.ካ.ቬ. አር.ቴ. 125 ሲሆን በ1939 በሳክሶኒ አገር በጾፓው ተሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሸናፊዎቹ ንድፉን ተካፈሉት። እንግሊዞች ባንታም አሉት፤ ሩሲያውያን ሞስክቫ አሉት፤ አሜሪካኖች በሃርሊ ዴቪድሰን ስም አወጡት፤ ያማሃም በ1955 የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌቱን የሠራው ይህንኑ አርአያ አድርጎ ነው። ካፒታሊስቱና ኮሚኒስቱ ያለ ክርክር የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ትንሽ ሞተር ነው።

ኃይሉን ያበዛለትም የዚያው የጾፓው ሰው ነው። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ዋልተር ካደን የተባለ መሐንዲስ በኤም.ዜድ. ፋብሪካ ሲሠራ፣ ማርሚታው መካከሉ እንደ ሆድ ተነፍቶ ጫፉ ቢጠብ የሚወጣው ጭስ የሚያስነሣው የግፊት ማዕበል ተመልሶ እንደሚመጣና ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚንና አየር ወደ ሲሊንደሩ መልሶ እንደሚገፋው አጥንቶ ሠራበት። በ1961 የርሱ ጋላቢ ኤርንስት ዴግነር በስዊድን ለውድድር እንደ ሄደ ከድቶ ቀረ፤ ምስጢሩንም ለጃፓኑ ሱዙኪ አደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት በሱዙኪ የ50 ሲ.ሲ. የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው የባለ ሁለት ምት እሽቅድምድም ሁሉ ከዚህ ማርሚታ ጋር የተያያዘ ነው።

ይሁን እንጂ ማዕበሉ በሁሉም ፍጥነት አይረዳም። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ያንቀላፋል፤ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ግን እንደ ተመታ በቅሎ ይፈናጠራል። ጸባዩን የሚያውቅ ሰው በዚህ ይደሰታል። የማያውቀው ልጅ ግን እርጥብ መታጠፊያ መካከል ላይ ቢነቃበት፣ የሚያየው ሰማዩን ነው። እንግዲህ ይህን ጸባይ ይዘን ወደ ሕጉ እንሂድ፤ ቀልዱ ከዚያ ይጀምራልና።

በእንግሊዝ አገር በ1971 የወጣው ሕግ የ16 ዓመት ልጅ ከ50 ሲ.ሲ. የማይበልጥ፣ ፔዳል ያለውን ሞተር ብስክሌት ብቻ እንዲነዳ ወሰነ። የሕጉ አሳብ ግልጥ ነው፤ ልጁ ብስክሌት በመሰለ ነገር በቀስታ ይሂድ ነው። ነጋዴዎቹ ግን አሳቡን ትተው ቃሉን አነበቡ። ያማሃ ኤፍ.ኤስ.1-ኢ የተባለ፣ መልኩ የስፖርት ሞተር፣ ልቡ ባለ ሁለት ምት፣ አራት ማርሽ ያለው ዕቃ ፔዳል ተለጥፎለት ቀረበ። ፔዳሉ ለእግር ሳይሆን ለፖሊስ የተሠራ ነበር። ልጆቹም በሺህ በሺህ ገዙት። በ1977 መንግሥት ነገሩ ገብቶት ፔዳሉን ትቶ ፍጥነቱን በሰዓት 30 ማይል፣ ማለት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወሰነ። እስከዚያ ድረስ ግን አንድ ትውልድ በ16 ዓመቱ አንድ ትልቅ ትምህርት ተምሮ ነበር፤ ይኸውም ሕግ ማለት በዕቃ ላይ የሚለጠፍ ፔዳል ነው የሚል ነው።

አር.ኤስ. 125 የዚያ ፔዳል የልጅ ልጅ ነው። ቀድሞ በኢጣልያ የ16 ዓመት ልጅ 125ቱን በሙሉ ኃይሉ ሊጋልብ ይችል ነበር። በ1991 የወጣው የአውሮፓ የመንጃ ፈቃድ መመሪያ ግን ቀላሉን ሞተር ብስክሌት በ125 ሲ.ሲ. እና በ11 ኪሎዋት፣ ማለት በ15 የፈረስ ጉልበት ወሰነው። እንግዲህ ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? ለ15 ፈረስ የሚስማማ፣ ከታች ጀምሮ በእኩል የሚጎትት፣ ጀማሪን የሚያስተምር አዲስ ሞተር ሠሩን? አልሠሩም። ያንኑ ሲለቀቅ ወደ 30 ፈረስና ከዚያም በላይ የሚያወጣውን፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሮጠውን ሞተር ወስደው አነቁት። እንደ አገሩና እንደ ዓመቱ በማርሚታው አንገት ላይ ጠባብ ቀለበት አስገቡ፤ ወይም የካርቡራቶሩ በር እስከ መጨረሻው እንዳይከፈት አገዱት፤ ወይም የኤሌክትሪኩን ሥርዓት አሰሩት። ከዚያም «15 ፈረስ» የሚል ወረቀት ሰጡት።

ቀለበቱን ማውጣት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ መሆኑን ሠሪው ያውቃል። ሻጩም ያውቃል፤ ልጁ ወደ ሱቁ የመጣው ለ15 ፈረስ ብሎ እንዳልሆነ፣ በልቡ የሚገዛው ከቀለበቱ በስተጀርባ ያለውን እንደ ሆነ ያውቃል። ሕግ አውጪው አላወቀም እንዳይባል፣ በ1997 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ እንዲህ ያለውን መነካካት ስለ መከልከል አንድ ምዕራፍ መድቧል። ማንም የማያደርገውን ነገር ለመከልከል ምዕራፍ አይጻፍም። ስለዚህ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሁሉም በወረቀት ንጹሐን ነበሩ። በደለኛ ሆኖ የሚገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በዕድሜ ከሁሉ ያነሰው ነው።

ልጁ ቀለበቱን ሲያወጣ ምን እንደሚሆን እንመልከት። ማርሚታው ሲከፈት ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል። ለዚያ አየር የሚመጥን ቤንዚን እንዲደርስ የካርቡራቶሩ የቤንዚን ቀዳዳም በሚስማማው መለወጥ አለበት። ይህን ያልነገሩት ልጅ ቀለበቱን ብቻ አውጥቶ ይሄዳል። ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቃጠሎው ይግላል፤ ፒስተኑ አብጦ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። የኋላው ጎማ በአንድ ቅጽበት ይታሰራል። ጣቱ ፍሪስዮን ላይ ካልነበረች ልጁ መሬት ላይ ነው። ደኅና ቢወድቅ እንኳ ሌላ ጉድ ይጠብቀዋል። መንጃ ፈቃዱ ለ15 ፈረስ ነው፤ ኢንሹራንሱም ለ15 ፈረስ ነው። በአንድ ቁልፍ ዙር ያለ ፈቃድና ያለ ዋስትና የሚሄድ ሰው ሆኗል። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የተባለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ተረቱ የረሳው አንድ ነገር አለ፤ ለመበጠስ እንዲመች አድርጎ ገመዱን ማን አሳሳው?

የክፍል ጓደኛዬና ወገኖቹ ሦስት መልስ ይሰጡኛል። አንደኛ፣ «ጋላቢው ያውቃል፤ ራሱ መርጦ ነው» ይላሉ። ምርጫ ማለት ግን እውነቱ ከፊት ተነግሮ ሲመረጥ ነው። 15 ተብሎ 30 የተሸጠለት ልጅ የመረጠው የትኛውን ነው? ዕውቀቱንስ ከማን አገኘው? ከአስተማሪ አይደለም፤ ከጓደኛው ጓደኛ በጓሮ ነው። በጓሮ የሚገኝ ዕውቀት ደግሞ እኩሌታው ሁልጊዜ ይጎድለዋል። የቤንዚኑ ቀዳዳ ነገር የሚጎድለው ከዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ «ቫለንቲኖ ሮሲን ያፈራው ይህ ዓይነት ሞተር ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ሮሲ በ1993 በ14 ዓመቱ በኢጣልያ የስፖርት ፕሮዳክሽን ውድድር በካጂቫ ሚቶ ተወዳደረ፤ በ1997 በአፕሪሊያ የ125 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ግን እስቲ የት እንደ ጋለበ እንጠይቅ። በተዘጋ ሜዳ ነው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ በሚሄድበት፣ ከፊት የጭነት መኪና በማይመጣበት፣ ሐኪም በሚጠብቅበት ነው። አባቱም ራሱ የታወቀ የውድድር ጋላቢ ነበር። ለዚህ ልጅ «ይህ 15 ፈረስ ነው» ብሎ የዋሸው የለም። እውነተኛውን ኃይል ከእውነተኛ አስተማሪ ጋር ሰጡት። ስለዚህ የሮሲ ታሪክ የእናንተ ምስክር አይደለም፤ የኔ ነው።

ሦስተኛ፣ «የገደለው የጭስ ሕግ ነው» ይላሉ። በዚህስ አልከራከርም። ባለ ሁለት ምቱ ፒስተን የማስገቢያውንና የማስወጫውን መስኮት ለጥቂት ጊዜ አንድ ላይ ክፍት ስለሚያደርግ፣ ከቤንዚኑ አንዱ ክፍል ሳይቃጠል ያመልጣል፤ ሞተሩን የሚያለሰልሰውም ዘይት አብሮ ተቃጥሎ በሰማያዊ ጭስ ይወጣል። የአውሮፓ የጭስ ደንብ እየጠበቀ ሲሄድ መንገዱ ተዘጋበት። በ2011 አፕሪሊያ በአራት ምት የሚሠራውን አር.ኤስ.4 125 አወጣ። የ125 ባለ ሁለት ምት የዓለም ሻምፒዮና ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደውም በዚያው ዓመት ነው፤ በ2012 ባለ አራት ምቱ ሞቶ 3 ተተካ። ነገር ግን ይህ ፍርድ ያስለቅሳልን? ደስታው የጋላቢው፣ ጭሱ የመንገደኛው ነበር። መንገደኛውን ማንም አላማከረውም። ሕጉ ለአንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ ለሌለው ሰው ቢፈርድ፣ እኛ ተማሪዎች ነን የምንቃወመው?

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ መምህራኖቻችን አዞራለሁ፤ እስካሁን ያነበቡ መምህራን ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ ይታየኛልና። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ቀድሞውንም ለ16 ዓመት ልጅ ሞተር መስጠት ስሕተት ነው» የሚሉ አይጠፉም። በአክብሮት እቃወማለሁ። ቡኮውን እንዲያቦካ ካልፈቀዱለት ልጁ መቼ ይማራል? በ16 ዓመቱ የተከለከለው ነገር በ20 ዓመቱ ዐዋቂ አያደርገውም፤ ያልተማረ ትልቅ ሰው ያደርገዋል እንጂ። ቀለል ያለ ሞተር ብስክሌት፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ ኃይሉ እንደ ተጻፈው የሆነ፣ ልጁ በእጁ ፈትቶ የሚገጥመው፣ መልካም ትምህርት ቤት ነው። ጥፋቱ ኃይል መስጠቱ አይደለም፤ ሰጠሁ እያሉ ማነቁ፣ አነቅሁ እያሉ ደግሞ የሚፈታ ቋጠሮ ማሰሩ ነው። ከልካዩና አታላዩ የተለያዩ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ልጁን እውነት ሊነገረው የሚገባ ሰው አድርገው አያዩትም።

እውነት መናገር እንደሚቻል የሚያሳይ አንድ ምልክት አለ። በ2006 ወጥቶ ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ መመሪያ ለ18 ዓመት ጋላቢ እስከ 35 ኪሎዋት ፈቅዶ ሲያበቃ፣ ሞተር ብስክሌቱ ከዕጥፍ በላይ ኃይል ካለው ሌላ ተቀንሶ የተሠራ እንዳይሆን ከልክሏል። አስተውሉ! ይህ የቀለበቱ ኑዛዜ ነው። ታላቁን አንቆ ታናሽ ነው ብሎ መሸጥ ማታለል መሆኑን ሕጉ በራሱ አፍ መሰከረ። ነገር ግን ቃሉ የተጻፈው ለ18 ዓመቱ ነው። ለ16 ዓመቱ የኃይልና የክብደት ልክ ተጨመረለት፤ ኃይሉ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ0.1 ኪሎዋት እንዳይበልጥ ተባለ። «ከታላቁ የተቀነሰ አይሁን» የሚለው ቃል ግን ለርሱ አልተጻፈም። ከሁሉ ይልቅ ሊጠበቅ ለሚገባው ለታናሹ እውነቱ እንደገና ተቆነጠረ።

ስለዚህ ልቅሶውን ትተን የሚጠየቀውን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ለወጣት የሚሠራ ሞተር ከመጀመሪያው ለወጣት የታሰበ ይሁን፤ ወረቀቱ የሚለውን ኃይል ሞተሩ ራሱ ይናገር። ሁለተኛ፣ ከኃይሉ ጋር አስተማሪና የተዘጋ ሜዳ ይሰጥ፤ ልጁ የሞተሩን ጸባይ ከጭነት መኪና ፊት ሳይሆን ከመምህሩ ፊት ይማር። ሦስተኛ፣ ማታለሉ በተገኘ ጊዜ የሚጠየቀው ቁልፍ የያዘው ልጅ ብቻ አይሁን፤ ቋጠሮውን እንዲፈታ አድርጎ ያሰረውም አብሮ ይቁም።

«ይህ የአውሮፓ ልጆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር፣ በዚህ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። በየኮሚቴው የተማሪ ወኪል ወንበር አለው፤ ወረቀቱም «ይሳተፋል» ይላል። አንገቱ ላይ ያለውን ቀለበት ግን የሚያውቀው የተቀመጠበት ብቻ ነው። አንዳንዶቻችን ቀለበቱን በጓሮ ለማውጣት እንጣደፋለን፤ እንወድቃለን፤ ከዚያም «አላልናችሁም?» ይሉናል። እኔ የምለው በጓሮ አይሁን ነው። በአደባባይ፣ በስብሰባ፣ «ይህ ወረቀት የሚለውን ያህል ነውን?» ብለን እንጠይቅ። ያነሰ ኃይል በእውነት ቢሰጠን፣ ብዙ ኃይል በውሸት ከሚሰጠን ይሻላል፤ የመጀመሪያው ያስተምራልና።

ትናንት ማታ የክፍል ጓደኛዬ ሳይኖር ከፎቶግራፉ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፤ «ቀለበቱን ማን አስገባው?» የሚል ነው። ዛሬ ጠዋት አይቶታል፤ እስካሁን አላነጋገረኝም። መልስ ያለው እንደ ሆነ ግን በግድግዳ ላይ ሳይሆን እዚሁ ጋዜጣ ላይ ይጻፍልኝ። ገጹ ክፍት ነው።

አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ